ሥዕል የሌለው ገጽ

ሶዶ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕንፃ ክፍል በንድፍ አውጪነት በተቀጠርኩ ዕለት፣ የክፍሉ ሹም ግራዝማች ይልማ አቧራ መጥረጊያ ጨርቅ ሰጡኝ። ከጠረጴዛቸው ኋላ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ቆሟል። ውስጡ ዐሥራ አንድ መጻሕፍት አሉ፤ ሁሉም ስለ ሕንፃ ጥበብ፣ ሁሉም ከውጭ አገር የመጡ። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከኪስ ሰዓታቸው ሰንሰለት ጋር ታስሯል።

«እነዚህን ቅዳሜ ቅዳሜ ትወለውላለህ» አሉኝ።

«እሺ ጌታዬ። ማንበብስ ይቻላል?»

ትንሽ አሰቡበት። «አቧራው ከጠራ በኋላ።»

ያን ጊዜ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የወጣሁ ልጅ ነበርኩ። የእጅ ጽሕፈቴ ያማረ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር መሳል ከትምህርት ቤቱ የአናጢነት መምህር ተምሬአለሁ። የተሰጠኝ ዕቃ አንድ የንድፍ ሰሌዳ፣ አንድ ረጅም ማስመሪያ፣ የቻይና ቀለም፣ ሁለት ብዕርና አንድ ምላጭ ነው። ምላጩ የስሕተት መፋቂያ ነው። በቀለም የተሠመረ መስመር ቢጣመም ቀስ ተብሎ በምላጭ ይፋቃል፤ ወረቀቱ በጥፍር ይለሰልሳል፤ እንደ ገና ይሠመራል። ጥሩ ንድፍ አውጪ የሚታወቀው በፋቀው መጠን ነው ይሉ ነበር የቀደሙን። እኔ ብዙ ፍቄአለሁ።

ግራዝማች አያታቸው ከሰሜን በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ የሶዶ ተወላጅ ናቸው። ወላይትኛውን ከእኔ እኩል ይሰማሉ፤ በሥራ ሰዓት ግን አይሰሙም። ክፉ ሰው አልነበሩም። መጽሐፍ ይወዱ ነበር፤ አንዳንድ ሰው ሰንጋ እንደሚወደው ማለት ነው፣ በቁመቱና በውፍረቱ። አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንድ ይገዙና በቁመት ያሰልፉታል። እንግዳ ሲመጣ ሣጥኑን ከፍተው ሁልጊዜ ያንኑ መጽሐፍ በዚያው ገጽ ይገልጣሉ፤ እንግዳውም «ወይ ጉድ!» ይላል። ከዚያ ይቆለፋል።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እወለውላለሁ፤ ወልውዬ ስጨርስ አነባለሁ። መዝገበ ቃላት ከድሮ መምህሬ ተውሻለሁ። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ገጽ ከገፋሁ ትልቅ ነገር ነው። የደረጃ ቁመት በሰው ጉልበት እንደሚለካ፣ መስኮት ወዴት ማየት እንዳለበት፣ የመሠረት ጥልቀት በምን እንደሚወሰን ያወቅኩት ከዚያ ሣጥን ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በደስታዬም ላይ ወሬ ጨመርኩበት። የሰፈሩ ወጣቶች «ኢንጂነር» ሲሉኝ አላረምኳቸውም። አራቱን መጻሕፍት እንኳ ሳልጨርስ ሁሉንም አንብቤአቸዋለሁ ማለት ጀመርኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት እኔ ራሴ ለሌላው እተርት ነበር።

ዐሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው። ግራዝማች ከአዲስ አበባ ሲመለሱ በዘበኛው አሸክመው አስገቡት። ጥራዙ የጡብ ያህል ይከብዳል። ሥዕሎቹ በወፍራም አንጸባራቂ ወረቀት ለብቻቸው፣ ጽሑፉ በስስ ወረቀት ለብቻው የታተመ ነው። ችግሩ ሣጥኑ ሞልቷል። መጽሐፉን ጎትተን ስናስገባው የመስታወቱ በር አልገጥም አለ። ግራዝማች ገፉት፤ እኔ ገፋሁት፤ ዘበኛው ገፋው። እምቢ አለ።

ግራዝማች መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ገጽ በገጽ መረመሩት። በመጨረሻ ፊታቸው በራ።

«ሥዕል የሌለባቸውን ገጾች አውጣቸው» አሉኝ። «ወሬ ናቸው።»

ጽሑፉ እኮ ነው መጽሐፉ ብዬ ተከራከርኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያልኩት «እሺ ጌታዬ» ነው።

የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። በዚያው በስሕተት መፋቂያ ምላጭ እየቆረጥኩ፣ እየቆጠርኩ፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ቅጠል ወረቀት አወጣሁ። አንዱንም አላነበብኩም፤ በሩ ቶሎ እንዲገጥም ቸኩዬ ነበር። ገጠመም። ግራዝማች ቁልፉን አዙረው «አየህ፣ መላ የሌለው ነገር የለም» አሉ። ወረቀቱን ዘበኛው ጠቅልሎ ወሰደው። ዘበኛው ለወይዘሮ ብዙነሽ ሸጠላት። ወይዘሮ ብዙነሽ ትምባሆ ነጋዴ ናት፤ ገበያ እየተከተለች ከሶዶ ገሱባ፣ ዲምቱ፣ ቦምቤ ትዞራለች። ድሮ ትምባሆዋን በኮባ ቅጠል ነበር የምትጠቀልለው። በፈረንጅ ወረቀት መጠቅለል ከጀመረች ወዲህ ገበያዋ ደራ፤ ሰው የተማረ ትምባሆ ያጨሰ መሰለው።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ ገሱባ የግብር መዝገብ ቤት እንዲሠራ ትእዛዝ መጣ። ግራዝማች ሣጥኑን ከፍተው ዐሥራ ሁለተኛውን መጽሐፍ አወጡና አንድ ሥዕል አሳዩኝ። ነጭ ቤት ነው። ጣራው እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ነው፤ በዙሪያው ዝቅ ያለ የግንብ ከንፈር አለው፤ ቆርቆሮ የለ፣ አሸንዳ የለ። ከኋላው የማላውቀው ዛፍ ቆሟል። ዛፉ ቴምር መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቶ ነው።

«ይህን ሥራልኝ» አሉ። «አንብበኸዋል አይደል?»

«አዎ ጌታዬ፣ ሁሉንም።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሠራሁት። ሥዕሉ የሚያሳየው የቤቱን ፊት ብቻ ስለሆነ ፊቱን ከመጽሐፉ፣ ጀርባውን ከራሴ አመጣሁት። ከታች በቀኝ በኩል ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ግራዝማች መፈረም አልወደዱም፤ ክብሩን ላንተ ትቼልሃለሁ አሉኝ፤ እኔም አመሰገንኳቸው።

የግንባታው ኃላፊ አዋ ሻንካ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አዋ በእኛ ቋንቋ አባት ማለት ነው። በወጣትነታቸው የሣር ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ ጣሊያን ጊዜ ድንጋይ መገንባትና ሶሌታ የሚሉትን የሲሚንቶ ጣራ መሙላት ተምረዋል። ማንበብ አይችሉም፤ ንድፍ ግን አንድ ጊዜ ካዩ ልኩን አይስቱም። ንድፉን ይዤ በበቅሎ ገሱባ ወረድኩ። አዋ ሻንካ ወረቀቱን ድንጋይ ላይ ዘርግተው ብዙ ቆዩበት።

«ኢሻ» አሉኝ። ወንድሜ ማለታቸው ነው። «እዚህ ላይ የምትዘንበው ውኃ የት ትሄዳለች?»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው አዋ።»

«መጽሐፉ ገሱባን ያውቃታል?»

ሄጄ አያለሁ አልኳቸው። ሶዶ ገብቼ ቅዳሜ እስኪደርስ ጠበቅሁና መጽሐፉን ከፈትኩ። ሥዕል ቀጥሎ ሥዕል፣ ሥዕል ቀጥሎ ሥዕል። በመካከላቸው ምላጬ የተወው የገጽ ዳርቻ ብቻ ቀርቷል።

ወይዘሮ ብዙነሽ ዘንድ ሄድኩ። አርባ ያህል ቅጠል ቀርቷታል።

«ወረቀቱን ሽጭልኝ» አልኳት።

«ትምባሆውን በምን ልጠቅልለው ታዲያ? በነጠላዬ?»

«ኮባ አለልሽ አይደል?»

«ደንበኛዬን ወደ ኮባ መልሼ ላዋርደው? ወረቀቱን ከፈለግህ ትምባሆ ግዛ።»

ገዛሁ። ገበያ በቆመ ቁጥር አምስት ስድስት ጥቅል እገዛለሁ፤ ትምባሆውን ዘርግፌ ወረቀቱን በእጄ እያለሳለስኩ በገጽ ቁጥሩ እደረድራለሁ። ስለ ቀለም ቅብ አገኘሁ። ስለ ማድቤት ጭስ ማውጫ አገኘሁ። ስለ ጠፍጣፋ ጣራ የሚናገረው የለም። እቤቴ ጥግ ላይ የትምባሆ ክምር እያደገ ሄደ። ባለቤቴ ማርታ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ታልፈዋለች።

ወሬው ከማርታ አልወጣም፤ ግን ወጣ። እኛ የወንጌል አማኞች ነን፤ በእኛ ዘንድ ትምባሆ የሚነካ ሰው ከኅብረት ይታገዳል። ሽማግሌዎች ጠሩኝ።

«ትምባሆ በብዛት ትገዛለህ አሉ።»

«ወረቀቱን ፈልጌ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ጠጅ ቤት የተገኘውም ብርሌውን ለማየት ነው የሄድኩት ብሎናል» አሉ።

ለሦስት ወር ከመዘምራን ታገድኩ። ድምፄም ጥሩ ስላልነበረ ማንም አላዘነ።

ገሱባ ግን ግድግዳው እያደገ ነው። አዋ ሻንካ «ወደ ጣራው ደርሻለሁ» ብለው ላኩብኝ። ወረድኩ። የገበያ ቀን ነበርና መንገዴን በገበያው አደረግሁ። አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምባሆ ያጨሳሉ። በጥቅላቸው ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል አየሁ። ሙሉ ጥቅል አዲስ ትምባሆ ሰጥቼ ያን ለወጥኩ። ዘርግቼ ሳየው የገጹ የላይኛው ግማሽ ነው። እያንዳንዱን ቃል እየቆጠርኩ አነበብኩት። እንዲህ ዓይነት ጣራ የተፈጠረው ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በሚጥልበት አገር ነው ይላል። ዝናብ ወደሚበዛበት አገር ሊወስደው የሚፈልግ ግንበኛ አስቀድሞ፦ ይላልና እዚያ ላይ ይቆረጣል።

«አባቴ፣ የታችኛው ግማሽ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ትላንት ጠቅልዬ አጨስኩት» አሉ ሽማግሌው። «ጥሩ ይነዳል።»

ሮጬ ወደ አዋ ሻንካ ሄድኩ። ግማሹን ገጽ በወላይትኛ አነበብኩላቸው። «አስቀድሞ» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«የቀረው ተጨሷል» አልኳቸው።

አዋ ሻንካ ሳቁ። «አስቀድሞ ለውኃዋ መንገድ ይስጣት፤ ቤቱን ከዚያ በኋላ ይሥራ። ይህ ነው የቀረው።»

«በምን አወቁ?»

«ሌላ ምን ሊል ይችላል?»

ያን ግማሽ ወረቀት በኪሴ ይዤ በማግሥቱ ግራዝማች ፊት ቆምኩ። ጣራው ቢያጋድልና ከንፈሩ ላይ ቀዳዳ ቢኖረው ብዬ ጀመርኩ። ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት።

«ሥዕል አለው?»

«የለውም ጌታዬ።»

«ታዲያ ከሥዕሉ ጋር ማን አጣላኝ? ሥዕሉ ላይ ቀዳዳ አየህ?» አሸተቱት። «ደግሞ ትምባሆ ትምባሆ ይላል። ግማሽ ወረቀት ይዘህ ሙሉ ሰው ልታስተምር መጣህ?»

መጽሐፉን አላነበብኩትም፣ ዋሽቻለሁ ብል ኖሮ ምናልባት ይቆሙ ነበር። ኢንጂነርነቴ አሳሳኝና ይህን አላልኩም። ትእዛዙ በጽሑፍ ሄደ፦ ሶሌታው እንደ ሥዕሉ ይሞላ። አዋ ሻንካ እንደታዘዙት ሞሉት። ምንም ማጋደል፣ ምንም ቀዳዳ የለው። ኖራ ተቀባ። ቤቱ እውነትም ያምር ነበር። የምርቃቱ ዕለት ባለሥልጣኖች «ወይ ጉድ!» አሉ፤ የግብር መዝገቡም በጋሪ ተጭኖ ገባ።

ዝናቡ ሲጀምር ሦስት ቀን አላባራም። የመጀመሪያው ቀን ጣራው ላይ ኩሬ ሆነ። ሁለተኛው ቀን ኩሬው ከከንፈሩ እኩል ሞላ። ሦስተኛው ቀን ውኃው መንገድ ስላልተሰጠው ራሱ መንገድ ፈለገ፤ በሶሌታው ስንጥቅ ወርዶ ገሱባ ያለችበትን የኦፋን ወረዳ የግብር መዝገብ በሙሉ የቡላ ገንፎ አደረገው። የማን መሬት ስንት ግብር እንደነበረበት የሚያውቅ ወረቀት አልተረፈም። ግራዝማች ራሳቸውን ያዙ። የገሱባ ገበሬ ግን ያን ዝናብ ሲመርቅ ከረመ።

በሳምንቱ አዋ ሻንካ ታሰሩ። የመንግሥት መዝገብ ሆን ብሎ ማጥፋት የሚል ነገር ተለጠፈባቸው። ግራዝማች ንድፉ ከታወቀ የውጭ አገር መጽሐፍ የተወሰደ በመሆኑ ጥፋቱ የሠሪው ነው ብለው ደብዳቤ አዘጋጁ። ያን ደብዳቤ ባማረ የእጅ ጽሕፈት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ይህንን በምላጭ ልፍቀው የምችል ቢሆን እፍቀው ነበር።

እሑድ ቅቅል ቦይና፣ የእኛን አገር ሥራ ሥር፣ በዳጣ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። አዋ ሻንካ አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ይወቅሱኛል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ውኃዋ ወጣች?» አሉኝ።

«የቱ ውኃ?»

«ጣራው ላይ ያለችው ናታ። ከንፈሩን አንድ ሰው በመሮ ይብሳው። ካልወጣች ግድግዳውን ትበላዋለች።»

አፈርኩ። እሳቸው ታስረው ስለ ግድግዳው ያስባሉ፤ እኔ ውጭ ሆኜ ስለ ስሜ አስባለሁ። ቦይናውን ሰጥቼ ወጣሁ።

መርማሪው ከጠቅላይ ግዛቱ ከተማ መጡ። ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። አዋ ሻንካን በፖሊስ አስመጡ። ግራዝማች ቁልፋቸውን አውጥተው ዐሥራ ሁለተኛውን መጽሐፍ በሁለት እጃቸው አቀረቡ። «ማስረጃዬ ይኸው» አሉ። መርማሪው ገለጡት፤ ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል።

«ይህ መጽሐፍ ጽሑፍ የለውም?»

«የሥዕል መጽሐፍ ነው» አሉ ግራዝማች።

ተነሣሁ። «ጽሑፍ ነበረው ጌታዬ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ግማሹን ገጽና እስከዚያ ያገኘኋቸውን ሠላሳ ሰባት ቅጠሎች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ክፍሉ ትምባሆ ትምባሆ ሸተተ። መርማሪው እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ግማሹን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ማን አዘዘህ?»

ወደ ግራዝማች አየሁ። የኪስ ሰዓታቸውን ይሞላሉ። የልጆቼ እንጀራ በእኚህ ሰው እጅ ነው።

«ቁም ሣጥኑ» አልኩ።

መርማሪው ቁም ሣጥኑን አዩት። ተነሥተው መጽሐፉን ወደ ቦታው መለሱና በሩን ዘጉት፤ ግጥም አለ። ከዚያ አውጥተው የተቆረጡትን ገጾች በመካከሉ ጨመሩ፣ የተረፈውን በባዶ ወረቀት ሞሉ፣ እንደ ገና ሊዘጉት ሞከሩ። እምቢ አለ። ዘበኛው በሳቅ ፈነዳና ወደ ውጭ ሮጠ።

«ሌላም አለ» አልኩ። «ንድፉን ስሠራ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ ያልኩት ውሸት ነው። አዋ ሻንካ ግን ጣራው ከመሞላቱ በፊት ውኃው የት እንደሚሄድ ጠይቀውኝ ነበር።»

አዋ ሻንካ በዚያው ዕለት ተፈቱ። እኔ ከንድፍ ሰሌዳ ተነሥቼ ቦምቤ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደብኩ። ግራዝማች ጥፋት ስላልተገኘባቸው በዓመቱ ቀኛዝማች ሆኑ።

አዋ ሻንካ ከእስር እንደ ወጡ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቤታቸው አልነበረም። ገሱባ ወርደው የጣራውን ከንፈር በአራት በኩል በሱት። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው በሶሌታው ላይ እንጨት አቁመው፣ እንደ አባቶቻቸው ቤት አሹለው፣ በሣር ከደኑት። ከታች የፈረንጅ ቤት፣ ከላይ የወላይታ ጎጆ። መንገደኛ ሁሉ ይስቅበት ነበር። ጠብታ ግን አልገባበትም።

እኔ ቦምቤ ስምንት ዓመት ቆየሁ። ምስማርና አካፋ እየቆጠርኩ እውልና በገበያ ቀን ወይዘሮ ብዙነሽን እጠብቃለሁ። ወረቀቱን ለሌላ ነጋዴ አካፍላ ስለነበር ገጾቹ ከየገበያው ይመጡልኝ ጀመር፤ አንዳንዱ የጨው፣ አንዳንዱ የበርበሬ። ሽማግሌዎቹም በመጨረሻ አመኑኝ፤ እንዲያውም አንደኛው ስለ መሠረት የሚናገር ገጽ ከአማታቸው ቤት አምጥተውልኛል። ከሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱ መቶ ሠላሳ አንዱን ሰበሰብኩ። ሁሉንም አነበብኳቸው፤ ይህን ስል አሁን አልዋሽም። ቀኛዝማች ጡረታ ወጥተው ቁም ሣጥኑ ሲሸጥ የቀረውን የሥዕል ጥራዝ ገዛሁ። ገጾቹን በየቦታቸው መለስኩና አስጠረዝኩት።

በግማሹ ገጽ ሥር ንጹሕ ወረቀት ለጥፌ የአዋ ሻንካን ቃል በአማርኛ ጻፍኩበት። ተሸክሜ ቤታቸው ድረስ ወስጄ አነበብኩላቸው። አርጅተው ዓይናቸው ደክሟል፤ ገጹን በጣታቸው ዳሰሱት።

«የላይኛዋን የጻፈው ማነው?» አሉኝ።

«አንድ ፈረንጅ ነው።»

«ገሱባን ያውቃታል?»

«አያውቃትም።»

«እንግዲያው ግማሹን ስለጻፍኩለት ደስ ይበለው» አሉ።

አሁን ንድፍ የሚያወጡ ወጣቶች መጽሐፉን ሊያዩ ይመጣሉ፤ እንደ ግራዝማች እንግዶች ወደ ሥዕሉ ይሮጣሉ። ለሁሉም የምላቸው አንድ ነው። ገጽ ከመቁረጣችሁ በፊት አንብቡት፤ ያላነበባችሁትን አነበብን አትበሉ፤ ጣራ ከመሳላችሁ በፊት ውኃው የት እንደሚሄድ እዚያው የሚኖረውን ሰው ጠይቁ።